ሱሰኛው ሌላ ሰው ነው

የኢንተርኔት ሱስ የሚባለው በሽታ የተወለደው በቀልድ ነው። አይቫን ጎልድበርግ የተባሉ የኒውዮርክ የአእምሮ ሐኪም፣ የሙያ ጓደኞቻቸው የሰውን አመል ሁሉ በሽታ እያሉ መመዝገባቸው ቢያስቃቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ራሳቸው አንድ በሽታ ፈጠሩና ሐኪሞች በሚያነቡት ድረ ገጽ ላይ ለጠፉት። ምልክቱን ሲዘረዝሩም አልሰሰቱም። በሽተኛው በሕልሙ ሳይቀር ኢንተርኔት ያያል፤ ጣቶቹም ኮምፒውተር በሌለበት አየር ላይ ይተይባሉ። ያነበቡት ሰዎች ይስቃሉ ሲባል፣ ይህ የኛ ሕመም ነው እያሉ ይጽፉላቸው ጀመር። ዶክተሩ ለተረብ የወረወሩት ነገር ታካሚ ይዞ ተመለሰ።

በዓመቱ ኪምበርሊ ያንግ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን የምር አድርገው ቶሮንቶ በተካሄደ የሙያ ጉባኤ ላይ አቀረቡት። ኋላም ሃያ ጥያቄ ያለው መመዘኛ አወጡ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከዜሮ እስከ አምስት ይታረማል፤ ድምሩ ከመቶ ነው። ከሰላሳ በታች ያገኘ ጤነኛ ይባላል፤ ሰማንያ የደረሰ ሰው ቤተሰቡ ይምከርበት። እኔን ከሁሉም የገረመኝ ግን ባለሙያዋ በዝርዝር የጻፉላት የመጀመሪያዋ ታማሚ ናት። ፀጉሩን ያንጨባረረ ጎረምሳ እንዳይመስላችሁ። ስለ ኮምፒውተር እምብዛም የማታውቅ የ43 ዓመት የቤት እመቤት ነበረች።

ይህቺን እመቤት ያዙልኝ።

ባሌ፣ ሮቤ ከተማ ውስጥ የስልክ ሱሰኛ ማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው መልስ አያጣም። አባት ልጁን ያሳያል። ልጁ ባጃጅ ነጂውን ይጠቁማል፤ አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንድ እጁ ስልኩ ላይ ነው ይላል። ባጃጅ ነጂው ደግሞ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይከሳል፤ ሂሳብ ከፍለው ሲወርዱ እንኳ ፊቱን አይተውት አያውቁም። ተማሪው ለእረፍት አገሩ ሲገባ አባቱን ይታዘባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጣቱ ከተማውን ዞሮ ይመለሳል፤ አንድም ሰው ደረቱ ላይ አያሳርፈውም።

ምክንያት የሌለው ሰውም የለም። የሲናና ገበሬ የስንዴ ዋጋ ሊያይ ነው። የኮምባይነር ደላላው በአጨዳ ወራት ስልኩን ካስቀመጠ ሌላው ይቀድመዋል። ተማሪው ፒዲኤፍ እያነበበ ነው፤ ፒዲኤፉ ለምን እንደሚያስቀው አይጠየቅም። እናት ልጇ አረብ አገር ናት፤ በኢሞ ካላየቻት እንቅልፍ አይወስዳትም። ሽማግሌው ዜና ይከታተላሉ፣ የአገር ጉዳይ ነው። ታዲያ ሁሉም ሥራ ላይ ከሆነ ሱሰኛው ማነው?

ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ሂዱ፤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ በዚያች መንገድ የማይታወቅ ነገር አልነበረም። ማን ሞተ፣ ማን ዳረ፣ የማን ላም ጠፋች፣ ሁሉም ጎባ ሳይደረስ ተወርቶ ያልቃል፤ አንዳንዴም ሲወርዱ ለሠርግ የተጠሩ አሉ። ዛሬ ረዳቱ «ሂሳብ!» ካላለ ድምፅ የለም። በቅርቡ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ብብታቸው ሥር አውራ ዶሮ ይዘው የቱርክ ድራማ ያያሉ። ዶሮው መጀመሪያ በመስኮት ነበር የሚያየው። ቆይቶ አንገቱን አሰገገና እሱም ወደ ስክሪኑ ዞረ። ተዋናይዋ ስታለቅስ ጭንቅላቱን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ዓይኑ እያዘነበለ ይከታተላል። ማስታወቂያ ሲገባ ሁለቱም ተበሳጩ። ስለዚያው መንገድ ሲቀለድ እንደምሰማው ደግሞ፣ አንዱ ተሳፋሪ ከስልኩ ቀና ብሎ «ጎባ ደረስን?» ቢል፣ ረዳቱ «ጎባ ደርሰን ሮቤ ተመልሰናል፤ የመመለሻውን ክፈል» አለው አሉ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባሉ ተመራማሪ በጦጣዎች ጭንቅላት ውስጥ ዶፓሚን የሚያመነጩትን ሴሎች ሲያዳምጡ ነበር። ለጦጣዋ ጠብታ ጭማቂ በድንገት ሲሰጧት ሴሎቹ ይንጫጫሉ። ከጭማቂው በፊት መብራት እየበራ ሲለመድ ግን ሴሎቹ ጭማቂውን ትተው ለመብራቱ ይንጫጩ ጀመር። መብራቱ በርቶ ጭማቂው የቀረ ዕለት ደግሞ በዚያው ሰዓት ጭጭ ይላሉ። ስለዚህ ዶፓሚን «የደስታ ኬሚካል» ነው እየተባለ የሚነገረን ነገር እምብዛም ልክ አይደለም። የሚንጫጫው ሲጣፍጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ስልኩን በጊዜ ባስቀመጠ። ስልካችን «ጢን» ሲል እጃችን የሚሮጠው መልእክቱ ስለሚጥም አይደለም፤ ምን ይሆን ስለሚያሰኝ ነው። ብዙ ጊዜ ከፍተን የምናገኘው «ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው» የሚል ነው። ብስጭቱም የጦጣዋ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ርግቦች ላይ ያየው ነገር አለ። ርግቧ የተዘጋጀላትን ቁልፍ በነቆረች ቁጥር እህል ካገኘች በልታ ትተወዋለች። እህሉ አንዳንዴ በሦስተኛው፣ አንዳንዴ በሠላሳኛው ጊዜ ሲመጣ ግን አትላቀቅም። ቁማር ቤቶች ይህን ሳይማሩም ያውቁታል። ስልክ ላይ ጣታችንን ወደ ላይ ስንገፋ አንዱ ቪዲዮ አሰልቺ፣ ሌላው አሰልቺ፣ ሦስተኛው ሆድ የሚያቆስል ሳቅ ነው፤ ያ ሦስተኛው ነው የሚያስረን። አዛ ራስኪን የሚባል አሜሪካዊ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ገጹ ታች እንዳይኖረው አደረገና ነገሩን ጨረሰው፤ ኋላ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ድሮ ገጽ ያልቅና «ቀጣይ» የሚል ነገር መጫን ነበር፤ ሰው እዚያች ላይ ሽንቱ መምጣቱን ያስታውስ ነበር።

ተመራማሪዎቹ ባሌን ቢያውቁ ጦጣና ርግብ ባላስፈለጋቸው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደውን መንገድ ይዛችሁ ሳነቴ ውጡ። ያ አምባ ቀይ ቀበሮ አለበት፤ በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ቀበሮ ከአምስት መቶ በታች ሲሆን ከግማሽ የሚበልጠው ባሌ ነው። ምግቡ ደግሞ ከባሌ ሌላ የትም የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል ነው፤ አንዱ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው፣ ዓይኑ አናቱ ላይ የወጣ ፍጥረት። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ ያወጣና በዙሪያው ያለውን ሣር አፍሶ ተመልሶ ይገባል። ቀበሮው ጉድጓዱ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ፣ አፍንጫውን ወደ መሬት አድርጎ ይጠብቃል። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እሱ አይነቃነቅም። አፈሩ ትንሽ ሲነሣ ዘሎ አፉን ይሰካል። አንዳንዴ ፍልፈል፣ ብዙ ጊዜ አፈር።

የሚገርመው ቀበሮው ባለቤተሰብ ነው። ጠዋት ጠዋት መንጋው ተሰብስቦ ይላላሳል፣ ይጯጯሃል፣ ድንበሩን አብሮ ይዞራል። ለአደን ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ይበተናል። የኛም ሳሎን ማታ ማታ እንዲያ ነው፤ አንድ ሶፋ ላይ አምስት ሰው ተቀምጦ አምስት ጉድጓድ ይጠበቃል። ልዩነታችን አንድ ነው። ቀበሮው ፍልፈሉን ከበላ በኋላ ሣሩ ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ሆዱ «በቃ» የሚለውን ቃል ያውቃል። ኔትወርክ ስለሌለው ነው እንዳትሉ፤ የቴሌ አንቴና እዚያው ራስጌው፣ ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ተተክሏል። ከኛ የተሻለ ያገኛል።

ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው በዚህ ነገር ገና አልተስማሙም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የገባው የጌም ሱስ ነው፤ ኢንተርኔት በጅምላው አልገባም። ይህ ማለት ጌም የሚጫወተው ልጅ በወግ የታወቀ በሽተኛ ሲሆን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ዜና የሚጎረጉሩት አባቱ ግን እስከ ዛሬ ጤነኛ ናቸው። በሌላ በኩል ወሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በዚያው በሃያው ጥያቄ ተማሪዎችን መዝኖ 85 ከመቶዎቹ የኢንተርኔት ሱስ አለባቸው ብሏል። ከጭንቀት፣ ከጫትና ከመጠጥ ጋርም ተያይዞ ተገኝቷል። የትኛው የትኛውን እንደወለደ ግን በአንድ ጊዜ መጠይቅ አይታወቅም፤ የተጨነቀ ልጅ ወደ ስልክ ይሸሻል፣ ስልክ ላይ ያደረ ልጅም ይጨነቃል። ለማንኛውም ከመቶ 85 ሰው ከታመመ በኔ አስተያየት ሐኪም ሊያያቸው የሚገባው 15ቱን ነው። ምን ነክቷቸው ነው?

አገራችን እንደ ሌላው ዓለም በላቦራቶሪ አትወሰንም፤ ጥናቷ ሰፋ ያለ ነው። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ነበር፤ ያ ጊዜ የሐዘን ስለነበረ ለቀልድ አይሆንም። የየካቲት 2015ቱ ግን ይነሣ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘጉና ለአምስት ወር ያህል ተዘግተው ቆዩ። ለሱስ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት ማን ያገኛል? ምሽቱ ነጻ ሊወጣ፣ ወግ ሊመለስ ነው ሲባል፣ በሳምንቱ ሮቤ ላይ ቪፒኤን የማያውቅ ሰው ጠፋ። ስልኳ ላይ ፎቶ ማጥፋት የማትችል ሴት ሰርቨር ትመርጣለች። አሮጌው ቪፒኤን ሲደክም አዲሱን ጎረቤት ለጎረቤት በብሉቱዝ ይቀባበላል፤ እሳት እንደ መጫጫር ማለት ነው። የከተማው ሰው ግማሹ ሆላንድ፣ ግማሹ ሲንጋፖር ገባ፤ ቡና እየተጠጣ የሚመጣው ማስታወቂያ በማይታወቅ ቋንቋ ነው። ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ ጥቅል ቶሎ ያልቃል፣ ሰው ግን አልቦዘነም። ሐምሌ ላይ ሲከፈት እንዲያውም ቅር ያለው ሰው አውቃለሁ፤ ቪፒኤን በመጫን ስም አውጥቶ ነበርና።

ሌላው ጥናት የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ተሰርዟል፤ በድጋሚ ሲሰጥም ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔቱን ከልጆቹ ከመውሰድ ልጆቹን ከኢንተርኔቱ መውሰድ ተመረጠ፤ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ ስልክ በሩ ላይ ቀረ። ከገቡት አንዷ እንደነገረችኝ የመጀመሪያው ቀን የከፋ ነው። እጅ በየደቂቃው ወደ ኪስ ይሄዳል፤ ባዶ ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንዘር ይሰማል። በሦስተኛው ቀን አብራት የተኛችውን ልጅ ስም ጠየቀች። «ለካ አንድ ሰፈር ነን» አለችኝ። ጥር ላይ ውጤት ሲመጣ ከ900 ሺህ ጥቂት ጎደል ከሚለው ተፈታኝ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኘው 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነ። ወላጅ ሁሉ «ስልክ ነው፣ ስልክ ነው» አለ። ስልክ ቢቀጣ አልጠላም፤ ግን የመጽሐፍ እጥረት፣ የአስተማሪ እጥረትና አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲኮረጅ የኖረ ትምህርት በሙሉ በአንድ ቴክኖ ላይ መጫኑ ግፍ ነው።

እንቅልፍ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን አልከራከርም። ሮቤ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰው ቡሉኮውን እስከ አናቱ ይከናነብና ከሥሩ ሰማያዊ ብርሃን ይፈነጥቃል። ብርሃኑ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀንን ሜላቶኒን ያዘገያል ይባላል፤ እውነት ነው፣ የባሰው ግን ነቅቶ መቆየቱ ራሱ ነው። በዚያ ላይ የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው። እኛ ደግሞ ርካሽ ነገር አይለፈን ባዮች ነን፤ ያልተኛንበትን ሌሊት አትርፈን ነው የምናድረው። በቲክቶክ ላይቭ አንዱ «ስክሪኑን ነካ ነካ አድርጉልኝ» ሲል፣ ጠዋት ላም ማለብ ያለበት ሰው በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ለማያውቀው ሰው ነካ ነካ ያደርጋል። ላሟ ግን በዘጠኝ ሰዓት ተኝታ ስለነበር በጊዜ ትነሣለች።

መፍትሔ የሚሉትም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ስልካቸው ተደፍቶ ጠረጴዛቸው ላይ የተቀመጠ ሰዎች፣ ስልካቸውን ሌላ ክፍል ትተው ከመጡት ይልቅ በአእምሮ ፈተና ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ኋላ የደገሙት ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ምክሩ ግን ክፉ አይደለም። ሌላ ክፍል ያለው ሰው ይሞክረው።

እኔ ደግሞ ሃያውን ጥያቄ ይዤ አጎቴ ቤት ሄድኩ። አጎቴ ሮቤ የታወቁ የስንዴ ነጋዴ ናቸው። ከሰሉ ተያይዟል፣ አክስቴ ጥግ ላይ ኢሞ ከፍታ ጅዳ ካለች ልጇ ጋር ስለ ሽሮ ትነጋገራለች፤ የ11ኛ ክፍሉ የአጎቴ ልጅ ደብተር ዘርግቷል።

«ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ ካሰቡት ሰዓት በላይ ይቆያሉ?» አልኳቸው።

አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡ። «ስንት ሰዓት ልቆይ ብዬ አስቤ አላውቅም» አሉ። «ስለዚህ አልፌ አላውቅም። ዜሮ በል።»

«አምስት በልለት» አለች አክስቴ ከጥግ፣ ዓይኗን ሳታነሣ።

«ስልክ ላይ በመቆየትዎ የቤት ውስጥ ሥራ ይጓደላል?»

«የቤት ውስጥ ሥራ መቼ ሠርቼ አውቃለሁ?»

ይህም ዜሮ መሆኑ ነው። መመዘኛው እንዲህ ያለ መልስ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም።

«ስልክ ላይ ሳሉ ሰው ሲያቋርጥዎ ይቆጣሉ?»

«ማነው የሚቆጣ!» ብለው ሲጮኹ ጅዳ ያለችው ልጅ ሳትቀር «አባዬ ምን ሆነ?» አለች።

በኢንተርኔት አዲስ ወዳጅ አፍርተው እንደሆን ስጠይቅ ደስ አላቸው። ሚኒሶታ አንድ ሰው አለ፤ ዜና ሥር ሲሰዳደቡ ተዋወቁ፤ አሁን ለበዓል እንኳን አደረሰህ ይባባላሉ። ስለ ባልና ሚስት የምትጠይቀዋን አንዲት ጥያቄ ለአክስቴ ክብር ብዬ ዘለልኳት። በመጨረሻ ደመርኩ። የአጎቴን መልስ ከአክስቴ እርማት ጋር አማክዬ 58 ወጣ፤ መካከለኛ ሱስ።

አጎቴ አመድ መሰሉ። «በምን ሂሳብ? የጎረቤቴስ ስንት መጣ? ቅሬታ የሚቀርበው የት ነው?» እያሉ ልክ የቀን ገቢ ግምት እንደተጫነበት ነጋዴ ወጠሩኝ። ወደ አክስቴ ዞርኩ። የእሷ 71 ሆነ። ያቺ የ43 ዓመት እመቤት ሮቤ ከሰል ዳር ተቀምጣ አገኘኋት ማለት ነው።

«እሺ፣ ልጄን ስንት ሰዓት ልያት?» አለች አክስቴ ስልኩን ደረቷ ላይ ደፍታ። «ከሄደች አራት ዓመት ሆናት። ሽንኩርት እንዴት እንደሚቁላላ እንኳ እዚህ ሆኜ ነው የማሳያት። ይህን የት ላይ ነው የምትጽፈው?»

ወረቀቱን አገላበጥኩት። ልጅን በስልክ የማሳደግ መስመር የለበትም። ዜሮ ብሰጣት ጥናቱ ይበላሻል፣ አምስት ብሰጣት እኔ እበላሻለሁ። ባዶ ተውኩት።

የቀረው ልጁ ነው። እሱ ጥያቄውን ሳልጨርስ ይመልሳል። «አንድ። አንድ። አንድ። አንድ።» ሃያውንም አንድ አለና 20 ይዞ ከቤቱ ብቸኛው ጤነኛ ሆነ። ፈተና እንዲህ ነው የሚሠራው፣ የማታውቀውን በሙሉ አንድ ፊደል ሙላ፣ ብሎ ያስረዳኝ ገና ድሮ እሱ ነበር። አጎቴ ይህን ውጤት ሰምተው ጭራሽ ተናደዱ። ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ስልክ ሳይነካ ደብተር ላይ ነው የዋለው፤ ምን ይበሉት?

ትንሽ ቆይቶ ልጁ ድምፁን አለስልሶ «አባዬ፣ ጥቅሌ ከጠዋት ጀምሮ አልቋል፤ ለአንድ ደቂቃ ሆትስፖት ክፈትልኝ» አለ።

አጎቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ፊታቸው ሲበራ ያየሁት ያን ምሽት ያኔ ነው።

«ይሄውላችሁ ሱሰኛው!» አሉ። «አላልኳችሁም? ጻፍ! እሱን ጻፍ!»